ሐንስ ፒተር ሉን፤ ግልባጭን መመርመር ያስተማረ ሰው

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኩሌታው ብቻ ነው። በመጽሐፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው ገልባጩ ሳያጎድል፣ ሳይጨምርና ሳያፋልስ ያስተላለፈው እንደ ሆነ ነው። የጥንት ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ የገለበጡትን ብራና ከምንጩ ጋር እያመሳከሩ ግድፈቱን ያርሙ ነበር። እኛ የዛሬዎቹ ግን አንድ ወር ይፈጅ የነበረውን መገልበጥ በጣታችን ነክተን በደቂቃ ስለምንጨርሰው፣ ማመሳከር የሚባለውን የሥራውን እኩሌታ ጨርሰን ረስተነዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በራሳችን እጅ የደረሰ ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት እኛ አራት የኪነ ጥበብ ተማሪዎች፣ ከዶርዜ ደጋ ወርደው ብዙ ዘመን በሲቀላ ተቀምጠው ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት እየተመላለስን፣ ስለ ሽመና ሥራቸውና ስለ ቀድሞው የጋሞ ወግ የሚያጫውቱንን በስልክ እንቀዳ ነበር። አባባ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ድምፃቸውን ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተርም ወደ ፍላሽ በፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም እያስተላለፍን ተከፋፈልነው። የፋይሉ ስም ያው ነበረ፤ መክፈቻውም ደኅና ያሰማ ነበር። ስለዚህ ቦታ ለማስለቀቅ ብለን የመጀመሪያውን ቅጂ ከስልኩ ላይ ሰረዝነው።

ከወራት በኋላ ቃላቸውን በጽሕፈት ለማውጣት በተቀመጥን ጊዜ፣ ድምፁ ከመካከል ላይ ሲደርስ ይንኮሻኮሽና ይቋረጣል። የአንዳችንን ትተን የሌላችንን ከፈትን፤ ያውም እዚያው ላይ ተቋረጠ። ሁላችንም የያዝነው ከአንድ የተበላሸ ግልባጭ የተገለበጠ ነበርና አራቱም እኩል ታመዋል። ተመልሰን እንዳንጠይቃቸው አባባ በዚያው ክረምት ዐርፈዋል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ፣ የተጠቀምንበት ፕሮግራም የአጠቃቀም መመሪያ የተላለፈው ፋይል ከምንጩ ጋር አንድ መሆኑ እንዴት እንደሚመረመር የሚገልጽ ምዕራፍ ነበረው። ከአራታችን አንዳችንም አላነበብነውም።

ከዚህ በኋላ ነው ምርመራውን ማን እንዳሰበው ለማወቅ መጻሕፍት ያገላበጥነው። ፍለጋችንም ወደ አንድ የማተሚያ ቤት ልጅ፣ ኋላም የጨርቅ ፋብሪካ ሰው ወደ ነበረ መሐንዲስ አደረሰን። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሐንስ ፒተር ሉን ጁላይ 1 ቀን 1896 በጀርመን አገር ባርመን በምትባል ከተማ ተወለደ። ባርመን ዛሬ የቩፐርታል ከተማ ክፍል ናት። አባቱ ዮሐን ስመ ጥር የማተሚያ ቤት ባለሙያ ስለ ነበረ፣ ልጁም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የቤተ ሰቡን ሥራ እንዲረከብ የሕትመት ሙያ ሊማር ወደ ስዊስ አገር ሄደ። ፊደል ለቃሚ አንዲት ፊደል አሳስቶ ቢለቅም ስሕተቱ በሺህ ቅጂ ላይ እንደሚባዛ በማተሚያ ቤት ያደገ ልጅ ሳይነገረው ያውቃል፤ ኋላ የሠራውን ሁሉ ስናይ ይህ ዕውቀት ከእርሱ ጋር የቀረ ይመስለናል።

ሆኖም የሕትመት ትምህርቱን የአንደኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠበት። ሉን በጀርመን ጦር ውስጥ የመገናኛ መኰንን ሆኖ አገለገለ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሙያውን ወደ ጨርቃ ጨርቅ አዛወረ፤ በ1924ም ለጨርቅ ፋብሪካ የሚሆን ቦታ ለመፈለግ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በዚያው ቀረ።

የጋሞን ሸማኔ ለሚያውቅ ሰው የሚቀጥለው ነገር ባዕድ አይሆንበትም። የጨርቅ ጥራት የሚለካው በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ ስንት ድርና ስንት ማግ እንዳለ በመቁጠር ነው። ይህ ቆጠራ ዓይን ያደክማል፤ የደከመ ዓይንም ይሳሳታል። ሉን በ1927 ገደማ ለዚህ ችግር ሉኖሜትር የተባለ መሣሪያ አበጀ። መሣሪያው ቀጫጭን መሥመሮች የተሰመሩበት፣ ማስመሪያ የሚመስል ብርሃን አስተላላፊ ሰሌዳ ነው። ጨርቁ ላይ ሲያስተኙት የሰሌዳው መሥመሮችና የጨርቁ ክሮች ተደራርበው ማዕበል የመሰለ ጥላ ይሠራሉ፤ ጥላው ያረፈበትም ቁጥር የክሩን ብዛት ያሳያል። ገዢም ሻጭም አንድ በአንድ ሳይቈጥር በአንድ እይታ እውነቱን ያገኛል። የሰውዬው ጠባይ ሁሉ በዚህች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይታያል። አድካሚውን ቆጠራ አጭር ምልክት እንዲተካው አደረገ፤ ምልክቱንም የሚያነበው ሊቁ ሳይሆን ማንኛውም ሠራተኛ ነው።

ሉን ከዚያ በኋላ የምሕንድስና ምክር የሚሰጥ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ያገኘውን ነገር ሁሉ ሲያሻሽል ኖረ። የሚታጠፍ የዝናብ ካፖርትና የመጫወቻ ጠረጴዛ ሠራ፤ በቤት ካለው መጠጥ ምን ዓይነት ድብልቅ ሊሠራ እንደሚችል የሚያመለክት ሰሌዳም አወጣ። በዕድሜው ያስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች ከ70 በላይ ናቸው። በ1941 ዓለም ያወቀው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሐንዲስ አድርጎ ቀጠረው። ያን ጊዜ የኩባንያው ዋና ሀብት የተበሱ ካርዶችን የሚለዩና የሚቈጥሩ መኪናዎች ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የዓለም የሳይንስ ጽሑፍ እንደ ደራሽ ጎርፍ ሞላ። በ1947 ጄምስ ፔሪና ማልኮልም ዳይሰን የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት፣ የኩባንያው መኪናዎች ከኬሚስትሪ ጽሑፍ ውስጥ የተፈለገውን ለይተው ማውጣት ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቁ። ሥራው ለሉን ተሰጠው። እርሱም በተበሱ ካርዶች የሚሠራ መፈለጊያ መኪና አበጀ፤ መኪናውም በስሙ የሉን መፈለጊያ ተባለ። የዚህ ሥራ ሐሳብ ነው ወደ ዋናው ግኝቱ ያደረሰው።

በጃንዋሪ 1953 ሉን በኩባንያው ውስጥ ብቻ የሚነበብ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡን ለመረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻንም፤ ባሕረ ሐሳብ ይበቃናል። በእኛ አቆጣጠር 2017 ዓመተ ምሕረት በየትኛው ወንጌላዊ ስም እንደሚጠራ ለማወቅ ብንፈልግ፣ 5500 ጨምረን 7517 እናደርገዋለን፤ ይህን ለ4 ስንገድፈው 1 ይተርፋል፤ 1 የተረፈ እንደ ሆነ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ትርፉ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። ከሰባት ሺህ በላይ ያሉ ዓመታት ሁሉ በአንዲት አጭር ስሌት ወደ አራት ቤቶች ገቡ ማለት ነው። ስሌቱን ማንም ቢያሰላው መልሱ ያው ነው፤ ዓመታቱን አንድ በአንድ እየቈጠሩ መሄድም አያስፈልግም።

ሉን ያሰበው ይህንኑ በመረጃ ላይ ማድረግ ነው። አንድ ሺህ የስልክ ቁጥሮችና የባለቤቶቻቸው ስሞች ቢኖሩን፣ ቁጥሩን በታወቀ ደንብ ከፋፍለን፣ ደምረንና ገድፈን ትንሽ ቁጥር እናወጣለን። ስሙንም ያች ትንሽ ቁጥር በተጻፈባት መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ኋላ ስንፈልገው ከመጀመሪያው መሳቢያ ጀምሮ መፈተሽ የለብንም፤ ስሌቱን ደግመን በቀጥታ ወደ መሳቢያው እንሄዳለን። አያሌ ዓመታት አንዱን ወንጌላዊ እንደሚጋሩ፣ ሁለት ቁጥሮችም አንድ መሳቢያ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ አንዱን ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት ማያያዝ እንደሚገባ ሉን በዚያው ማስታወሻ አመለከተ።

ይህ ብልሃት ዛሬ ሐሽ ይባላል። ስሙ በጽሑፍ የተለመደው ከሉን ሞት በኋላ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ቃል በመጀመሪያ ትርጉሙ ከትፎ ማደባለቅ ማለት ነው፤ ክትፎ ብንለው ከቃሉ ብዙ አንርቅም። ሥጋው አንድ ጊዜ ከተከተፈ በኋላ ብልቱን መልሶ ማቆም እንደማይቻል፣ ከአጭሩ ቁጥር ተነሥቶ ረጅሙን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ማስታወሻው በኩባንያው ውስጥ ስለ ቀረ፣ ሐሳቡ በሕትመት ለዓለም የተገለጸው በ1956 በሌላ ሰው በአርኖልድ ዱሚ ጽሑፍ ነው። ሉንም በዚህ ሥራው ስሙ ብዙ ሳይነሣ ኖረ።

በስሙ የሚጠራው ሌላው ሥራው ነው። በጃንዋሪ 1954 ቁጥርን ለመመርመር የሚያገለግል፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ለፈጠራ መብት አቀረበ፤ መብቱም በኦገስት 1960 ተሰጠው። ረጅም ቁጥር የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን አኃዝ ያሳስታል፤ ወይም ሁለት ጎረቤት አኃዞችን ያለዋውጣል። ሉን በቁጥሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ዘበኛ አኃዝ ጨመረባት።

አሠራሩን በ1953 ላይ እንሞክረው። ከቀኝ ጀምረን አንዱን እጥፍ እያደረግን ሌላውን እንዳለ እንተዋለን። 3 ሲታጠፍ 6 ይሆናል፤ 5 እንዳለ ይቀራል፤ 9 ሲታጠፍ 18 ነው፤ ሁለት አኃዝ ስለ ሆነም 1 እና 8ን ደምረን 9 እንለዋለን፤ 1 እንዳለ ይቀራል። ድምሩ 21 ነው። ወደ 30 ለመሙላት 9 ስለሚያስፈልግ ዘበኛዋ 9 ናት፤ ሙሉው ቁጥር 19539 ይሆናል። አሁን አንድ ጸሐፊ ተሳስቶ 19359 ብሎ ቢጽፈው፣ ተቀባዩ በዚያው ደንብ ሲያሰላው 23 ያገኛል። ድምሩ በ10 ስላልተካፈለ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳያይ ስሕተት መኖሩን ያውቃል። ግድፈትን በመግደፍ ማግኘት ማለት ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሩቅ ነገር አይምሰልህ። ስልክህ ላይ *#06# ብትጽፍ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ የመጨረሻው አኃዝ የሉን ዘበኛ ነው። የባንክ ክፍያ ካርዶችም በዚሁ ደንብ ይመረመራሉ። እኛም አንድ ቅዳሜ ሲቀላ ሻይ ቤት ተቀምጠን የአራታችንን ስልኮች ቁጥር በወረቀት አሰላን፤ አራቱም በ10 ተካፈሉ። ሞክረው፤ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር የሚጠይቅህ የለም።

ነገር ግን ሰውን ስናመሰግን የሥራውን ወሰንም መናገር ይገባናል። የሉን ዘበኛ ጎን ለጎን ያሉ 0 እና 9 ቢለዋወጡ አታውቅም፤ የሁለቱ ድምር በሁለቱም አቀማመጥ አንድ ነውና። ደግሞም የተበጀችው ለሚሳሳት እንጂ ለሚያጭበረብር አይደለም፤ ደንቡን የሚያውቅ አታላይ ለሐሰት ቁጥሩ የምትስማማውን ዘበኛ ራሱ አስልቶ ይጨምራል።

ሉን በዕድሜው ማምሻ ላይ ፊቱን ወደ መዛግብትና ወደ አንባቢ መለሰ። በ1958 መኪና የአንድን ጽሑፍ ዋና ዋና ዐረፍተ ነገሮች መርጣ እንዴት አሕጽሮት ልታወጣ እንደምትችል ጻፈ። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በተደረገው የሳይንስ መረጃ ጉባኤ ላይ ደግሞ፣ የጽሑፎችን አርእስት በውስጣቸው ባለው በእያንዳንዱ ቁም ነገር ቃል እየደረደረ ማውጫ የሚሠራውን ዘዴውን አስተዋወቀ። በዚህ ዘዴ የጽሑፉን አርእስት ሙሉ በሙሉ የማያስታውስ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ይዞ የሚፈልገውን ያገኛል። የኬሚስትሪ ጽሑፎችን አርእስት የሚያወጣ አንድ መጽሔት ይህን ዘዴ ተቀብሎ በ1961 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ሉን በዚያው ዓመት ከኩባንያው ጡረታ ወጣ። በ1964 የአሜሪካ የዶኩሜንቴሽን ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ነበረ፤ በዚሁ ዓመት ኦገስት 19 ቀን በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በ68 ዓመቱ ዐረፈ።

የሐሽ ሥራ ግን በእርሱ አላበቃም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት አጭሩን ቁጥር እያረዘሙ፣ ስሌቱንም እያወሳሰቡ፣ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ ወይም ለአንድ ሙሉ ድምፅ የጣት አሻራ የሚሆን ምልክት አወጡ። ሻ-256 የሚባለው ደንብ ፋይሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ 64 ምልክት ያለው አሻራ ያወጣለታል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በ2001 ብራም ኮኸን ቢትቶረንት የተባለውን የፋይል ማጋሪያ ሥርዓት ባወጣ ጊዜ፣ ፋይሉ በብዙ ቁርጥራጭ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አሻራ እንዲጻፍለት አደረገ። ተቀባዩ ቁራጮቹን ከማያውቃቸው ሰዎች ኮምፒዩተር ሲሰበስብ እያንዳንዱን በአሻራው ይመረምራል፤ ያልተስማማውን ጥሎ ያንኑ ቁራጭ ብቻ ከሌላ ሰው ይቀበላል። የአባባን ድምፅ በዚህ ሥርዓት አስተላልፈነው ቢሆን ኖሮ፣ የተበላሸው ቁራጭ ገና የመጀመሪያው ቅጂ ሳይሰረዝ በታወቀ ነበር።

አሻራዎቹም ያረጃሉ። ሮናልድ ሪቨስት በ1991 የቀመረው ኤም.ዲ.5 የተባለው ደንብ ብዙ ካገለገለ በኋላ፣ በ2004 ሺያዩን ዋንግ የተባለች ቻይናዊት ሊቅና ባልደረቦቿ አንድ አሻራ ያላቸው ሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፎች ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። የመጀመሪያው ቢትቶረንት ይጠቀምበት በነበረው በሻ-1 ላይም በ2017 እንደዚሁ ደረሰበት፤ ስለዚህ ሁለተኛው የቢትቶረንት ሥርዓት ሻ-256ን ይዟል። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ከሉን ሕይወት የተማርነው ይህ ነው። ግልባጭን የመመርመር ሥራ ለላኪው ታማኝነት ወይም ለመኪናው ፍጥነት የሚተው አይደለም፤ የተቀባዩ ተግባር ነው። ተቀባዩም ይህን ሊያደርግ የሚችለው ዘዴው በሚገባው ቋንቋ የተነገረው እንደ ሆነ ነው። ሉን ጨርቅ ለሚገዛው ሰሌዳ፣ ቁጥር ለሚጽፈው የእጅ መሣሪያ፣ መጽሐፍ ለሚፈልገው ማውጫ ሰጠ። እኛ ደግሞ ቋንቋ የምንማር ሰዎች ነን፤ ሌላው ቢቀር በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውንና ማንም የማያነበውን መመሪያ ወገናችን በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ አያቅተንም።

ስለዚህ አራታችን ግማሽ ገጽ የምትሆን መመሪያ በአማርኛና በጋሞኛ አዘጋጅተናል። የምትለውም ይህን ነው። አንደኛ፤ ፋይሉን ከማስተላለፍህ በፊት የሻ-256 አሻራውን በኮምፒዩተርህ አውጣና በደብተርህ ላይ በእጅህ ጻፈው። ሁለተኛ፤ ተቀባዩ የእርሱን ቅጂ አሻራ አውጥቶ ካንተ ደብተር ጋር ያመሳክር፤ አሻራውንም ፋይሉ ከመጣበት መንገድ ሳይሆን ከአንተው አፍ ወይም ጽሕፈት ይቀበል፤ ፋይሉን የለወጠ አሻራውንም ሊለውጥ ይችላልና። ሦስተኛ፤ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ የመጀመሪያውን ቅጂ ማንም አይሰርዝ።

አሻራ የጠፋውን አይመልስም፤ መጥፋቱን ብቻ በጊዜው ይነግራል። ከአባባ ጨዋታ የተረፈን እኩሌታውን በሦስት ቦታ አስቀምጠን አሻራውን በየደብተራችን ጽፈነዋል። በየቀበሌውና በየደጋው ግን ድምፃቸው ያልተቀዳ፣ ወይም ተቀድቶ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ያለ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። መመሪያዪቱን የሚፈልግ ጓደኛ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኛታል። ሽማግሌ ቀድቶ የያዘ ቢኖር ደግሞ ፋይሉን ይዞ ይምጣ፤ አሻራውን አብረን እናወጣለን።